በዐቢይ ጾም የተፋኋቸው እንክብሎች

ልጅዎን ግንባሩን ሲስሙት ከንፈርዎ ላይ ጨው የሚቀር ከሆነ፣ ላብ ነው ብለው አይለፉት። ቀኑን ሙሉ እየበላ የማይወፍር፣ ክረምት ከበጋ የሚያስል፣ ሰገራው ቅባት የለበሰና ሽታው ቤት የሚያስለቅቅ ከሆነ ደግሞ ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ያንብቡት። ደስ የሚል ጽሑፍ አይደለም። እኔም እምብዛም ደስ የምል ሰው አይደለሁም፤ አባቴ «አንቺ ላይ የወፈረው ምላስሽ ብቻ ነው» ይለኛል።

ራህዋ እባላለሁ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የምንኖረው መቐለ፣ ዓዲ ሓቂ ነው። አባቴ የወሎ ሰው ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ሊያስተምር መጥቶ፣ የዚሁ ከተማ ልጅ የሆነችውን እናቴን አግብቶ ቀረ። እሷን በሷ ቋንቋ አደይ፣ እሱን በሱ ቋንቋ አባዬ እላቸዋለሁ፤ እሷም «ጓለይ»፣ ልጄ፣ ትለኛለች። ቤታችን ውስጥ የሚወራው አማርኛ ነው፤ አደይ ስትደነግጥ ወይም ስትናደድ ግን አማርኛዋ ጥሏት ይሄዳል።

ሕፃን ሳለሁ የሚታወቅልኝ ነገር ረኀቤ ነበር። ከማዕድ ሳልነሳ ሌላ ምግብ እጠይቃለሁ። እጅና እግሬ ግን ክር ነው፣ ሆዴ ብቻ ተነፍቷል። ጎረቤት «የበላችውን የት ነው የምታደርገው?» ይላል። አንዷ ወስፋት ነው ትላለች፣ አንዷ ዐይን ነው ትላለች፤ አደይ ሁለቱንም አምና የወስፋቱንም መድኃኒት አጠጣችኝ፣ ጸበልም ወሰደችኝ። ከኔ በፊት የተወለደ ወንድም ነበረኝ። ስምንት ወር ሲሞላው በሳል ሞተ። ስለዚህ እኔ ባሳልኩ ቁጥር አደይ የያዘችውን ጥላ ብድግ ትላለች።

ከዚያ የክሊኒኮቹ ዘመን መጣ። ጃርዲያ ተባልኩ፣ ዋጥኩ፣ አልተሻለኝም። አሜባ ተባልኩ፣ ታይፎይድ ተባልኩ፤ በአገራችን ሆዱን ያመመው ሰው የሚባለውን ሁሉ ተባልኩ። አንዱ ሐኪም ሰገራዬ ላይ ያለውን ቅባት አይቶ «ቅባት አይስማማትም፤ ቅቤ፣ ወተት፣ ሥጋ፣ እንቁላል ይቅርባት» አለ። ሰውየው ያየው ነገር እውነት ነው። የተረጎመበት መንገድ ነው የጎዳኝ። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሙሉ ዘይት ያልነካው ሽሮና ደረቅ ሕምባሻ በላሁ። አደይ ትእዛዙን እንደ ዐሥርቱ ቃላት ነው የጠበቀችው፤ ቅቤ የምታነጥር ቀን እንዳይሸተኝ ብላ ጎረቤት ትልከኝ ነበር።

ዐሥር ዓመት ሲሞላኝ ሳሉ ባሰ። የአክታው ምርመራ ምንም አላሳየም፤ ራጁ ግን አስቀያሚ ስለነበር «ሳንባ ነቀርሳ ነው» ተባለና መድኃኒቱ ተጀመረ። ስድስት ወር ዋጥኩ። ከዓመት በኋላ እንደገና ስድስት ወር ዋጥኩ። የነቀርሳ ታካሚዎች የምንጠብቅበት አግዳሚ ወንበር ውጭ፣ ከግንቡ ጥግ ነበር፤ በዚያ የሚያልፍ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። እዚያ ወንበር ላይ አንዲት ሴት ትልልቆቹን ክኒኖች በሙዝ ጠቅልዬ መዋጥ አስተማረችኝ። ስሟን አልጠየቅኋትም። በሦስተኛው ወር መምጣት ስታቆም ደግሞ የት ሄደች ብዬ ለመጠየቅ ፈራሁ።

ትምህርት ቤት ሩጫ ተከለከልኩ። የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲሆን የልጆቹን ሹራብ እጠብቃለሁ። ትንፋሿን ትቆጥብ ተብሎ ነው። ሽንት ቤት ከገባሁ በኋላ የሚገባ ልጅ እንደማይኖር አውቅ ስለነበር ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሆዴን ይዤ እውላለሁ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ መንገድ ተዘጋ። ስለሱ ብዙ አልጽፍም፤ ሌሎች ከኔ የበለጠ የሚጽፉት አላቸው። ያኔ የሁሉም ሰው ልጅ ስለከሳ የኔን መክሳት የሚጠይቅ ጠፋ። እንዴት እንደተረፍኩ በኋላ ያገኘነው ዶክተር እንኳ ሊገባው አልቻለም።

ያ ዶክተር የደረት ሐኪም ነው፤ መንገዱ ተከፍቶ፣ እኔም ዐሥራ ስድስት ዓመት ሞልቶኝ ነው ወደሱ የተላክነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምረን ተቀምጠን ስድስት ሰዓት ላይ ተጠራን። ሌሎቹ ሁሉ መጀመሪያ የሚያዩት ራጄን ነበር፤ እሱ ጣቶቼን አየ። ጫፋቸው እንደ ከበሮ መምቻ ያበጠ ነው። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረ።

«አደይ፣ ሕፃን ሳለች ሲስሟት ጨው ጨው ትል ነበር?»

«አሁንም ትላለች» አለች አደይ።

«ከሷ በፊት ያጡት ልጅ አለ?»

«አንድ።»

«እሱስ ሲስሙት?»

አደይ አንገቷን ላይ ታች አደረገች። ዶክተሩ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ የሚባለውን ሳስብ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ያ ጥያቄ ነው። ዐሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም ስለ ጨው ጠይቆን አያውቅም።

ሕመሙ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ይባላል። አይተላለፍም፤ ከእናትም ከአባትም ተወርሶ አብሮ የሚወለድ ነው። ሳንባና አንጀትን የሚያረጥበው ፈሳሽ ወፍሮ እንደ ሙጫ ይሆናል። ሳንባ ውስጥ ሲቀመጥ ተሐዋስያን ይራቡበታል። ቅባትን የሚፈጭ ፈሳሽ የሚመነጨው ከቆሽት ነው፤ የቆሽት ቱቦ ሲደፈን የበሉት ቅባት እንዳለ ይወጣል። ጨውም በላብ ያልቃል። አደይ «ቆሽቴን አታሳርሪኝ» ስትለኝ ኖራ፣ የተበላሸው ቆሽት የኔ ነበር ማለት ነው። ላቤ አዲስ አበባ ተመረመረና ተረጋገጠ።

«የሚያድን መድኃኒት አለው?» አለ አባዬ።

«የሚያድን የለም። ውጭ አገር አዳዲስ መድኃኒቶች አሉ፣ እኛ ጋ አይደርሱም። የሚያቆያት ግን አለ።»

«ምንድን ነው?»

«መብላትና መሮጥ።»

አባዬ ያሾፈበት መስሎት ፊቱ ተለወጠ። ዶክተሩ ግን አልቀለደም። በየቀኑ እንቁላል፣ ለውዝ፣ አቮካዶ፣ ሥጋ በተገኘ ጊዜ ሥጋ፣ ወጡ ላይ ቅቤ፣ ምግቡ ላይ ጨው። ከሌላው ልጅ እጥፍ ነው የምበላው። የቆሽትን ሥራ የሚተካ እንክብል በየምግቡ መጀመሪያ ይዋጣል፤ ያለሱ የበላሁት ሁሉ ለሽንት ቤት ነው። ከዚያ እንቅስቃሴ። የሚያስል፣ የሚያስለከልክ፣ አክታውን ከሥሩ የሚነቅል እንቅስቃሴ። «አርፎ የተቀመጠ ሳንባ ይሞላል» አለኝ። «ቅድም የነገርሽኝን የልጆች ሹራብ ስትጠብቂ የኖርሽበትን ጊዜ ማካካስ አለብሽ።»

«አራት ዓመት ቅቤ ከለከልኳት» አለች አደይ። «ወይለይ፣ በእጄ!»

«እርስዎ የተባሉትን ነው ያደረጉት» አላት። ይህ ግን አላጽናናትም። በልጇ ላይ የደረሰውን ሁሉ በእጇ እንደሠራችው ቆጥራ ነው ወደ ቤት የተመለሰችው።

እንክብሉን የሚያገኝልን አዲስ አበባ ያለ የአባዬ ጓደኛ ነበር፤ ወደዚህ በሚመጣ ሰው እጅ ይልክልናል። አባዬ ሁልጊዜ ቀድሞ ይቀበለውና ከካርቶኑ አውጥቶ ብልቃጡን ብቻ ይሰጠናል። ወረቀቱን ምን እንደሚያደርገው አልጠየቅንም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘጠኝ ወር በሕይወቴ ካየሁት ሁሉ ጥሩው ነው። ጠዋት ጠዋት አባዬ በደረቴ ያስተኛኝና መዳፉን እንደ ጭልፋ ጎድጎድ አድርጎ ጀርባዬን ይመታዋል፤ ሳንባ ላይ የተጣበቀው እንዲላቀቅ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ጎረቤታችን በሩን እየደበደበች «አንተ ሰውዬ፣ የታመመች ልጅ አይደለችም እንዴ? ለምን ትገርፋታለህ?» ብላ ጮኸችበት። ነገሩ ሲገባት ጊዜ አፍራ፣ ከሰዓት በኋላ ዶሮዋ የጣለችውን ሦስት እንቁላል ይዛ መጣች።

አባዬ ከሚመረቅ ተማሪ አንድ አሮጌ ብስክሌት ገዛልኝ። በኛ ከተማ ብስክሌት መንዳት ብርቅ አይደለም፤ ለኔ ግን የሌላ ሰው ሕይወት ነበር። መጀመሪያ እስከ ሰፈራችን ጫፍ፣ ከዚያ እስከ ዩኒቨርሲቲው በር፣ በስድስተኛው ወር በቃላሚኖ አቅጣጫ እስካለው ዳገት። ዳገቱ ላይ ወርጄ እንደ ሽማግሌ እያሳልኩ አክታዬን እተፋለሁ፣ መንገደኛው ዞር ብሎ ያየኛል፣ እኔም አየዋለሁ። ሠላሳ አራት ኪሎ ነበርኩ፤ አርባ አንድ ገባሁ። ዶክተሩ ሚዛኑን ሁለቴ አየው። አደይ እዚያው ቢሮው ውስጥ እልል አለችና ነርሷ መጥታ ተቆጣቻት።

ያን ጊዜ የኔ ነገር የተንጠለጠለው በሁለት ነገር ላይ ነበር፤ በኪሎዬና በትንፋሼ። ኪሎዬ ከፍ ካለ ሳንባዬ ይታገላል፤ ከወረደ አይታገልም። ዶክተሩ ይህን ሳይደብቅ ነግሮኛል፣ እኔም አውቀዋለሁ። አላወቅኩም ነበር ብዬ አላመካኝም።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሳምንት ሲቀረው እንክብሉ መጣ። አባዬ ስብሰባ ላይ ነበርና እሽጉን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ውስጡ ብዙ የታጠፈ ቀጭን ወረቀት አለ። አደይ እንግሊዝኛ አታነብም። «እስኪ አንብቢልኝ፣ ሙቀት ይጎዳዋል ይላል ወይ?» አለችኝ። እያነበብኩ በዚያው እየተረጎምኩ ሄድኩ። ምላሴ ከዐይኔ እኩል ነው የሚሮጠው፤ ቃሉን ሳየው አፌ ቀድሞ ብሎታል።

«መድኃኒቱ የሚዘጋጀው ከአሳማ ቆሽት...»

«ከምን?»

ወረቀቱን አጠፍኩት።

«ከምን ነው ያልሽው ጓለይ?»

አደይ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ብልቃጡን አነሳች፣ አየችው፣ መልሳ አስቀመጠችውና እጇን ልትታጠብ ወጣች። ክርስቲያን የሆነ የአገሬ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም። ለሌላው ሰው ይህን ያህል ልበል፤ በኛ ቤት የዚያ እንስሳ ስም እንኳ ማዕድ ላይ አይጠራም።

አባዬ ማታ ሲመጣ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ጠበቀው።

«ታውቅ ነበር» አለችው።

«አውቅ ነበር።»

«ዘጠኝ ወር በቤቴ፣ በልጄ አፍ፣ እኔ ሳላውቅ?»

«ብነግርሽ ትከለክያት ነበር።»

«ጠይቀኸኛል ወይ? ኣንታ ሰብኣይ፣ ጠይቀኸኛል?»

አልጠየቃትም። እኔ ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ፤ ግን ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው እኛ ቤት አልኖረም። አባዬ ሰላም ፈልጎ ዝም አለ፣ አደይ ተጎድታ ዝም አለች፣ እኔ ሁለቱን እያየሁ ዝም አልኩ። የንስሐ አባታችን ቤት ከኛ በእግር ሩብ ሰዓት አያስኬድም። አንዳችንም ሄደን አልጠየቅናቸውም። አደይ «አዎ ርኩስ ነው» ይሉኛል ብላ ፈራች፤ ያን ከሰማች ምርጫው እሷ ላይ ይወድቃል። አባዬ የሳይንስ ሰው ነኝ፣ የቄስ ፈቃድ አልለምንም አለ።

አደይ አንድም ቀን «አትውሰጂ» አላለችኝም። ይህን አጥብቄ ነው የምጽፈው። ምግብ ሲቀርብ እንደ ድሮው እንክብሉን ራሷ ትሰጠኛለች። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በባዶ እጇ አትነካውም። የነጠላዋን ጫፍ ጣቶቿ ላይ ጠቅልላ፣ በነጠላው ይዛ፣ መዳፌ ላይ ትጥለዋለች። ከዚያ እኔ በባዶ እጄ እይዘዋለሁ፣ አፌ ውስጥ አስገባዋለሁ፣ እውጠዋለሁ። እሷ ለመንካት የተጸየፈችው ነገር ሆዴ ውስጥ ነው። በቀን አራት ጊዜ ያን ነጠላ አየሁ። ጾሙ በገባ በሦስተኛው ቀን መዋጥ አቆምኩ።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ጉንጬ ሥር እይዘዋለሁ፣ ውሃ እጠጣለሁ፣ ስትዞር ተፍቼ ኪሴ፣ ከኪሴ አልጋዬ ሥር ያስቀመጥኩት የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ። ሰው እንደዚያ የደከመበትን መድኃኒት መጣል አልቻልኩም። ያለ እንክብሉ እንቁላልና ቅቤው ሆዴን እንደ ቢላ ስለሚቆርጠው እነሱንም ለጎረቤት ውሻ መስጠት ጀመርኩ። እንግዲህ አስቡት፤ ቤተሰቡ በሙሉ እየጾመ ለኔ ብቻ ቅቤ ይነጠራል፣ እኔ ደግሞ ውሻ አሰባለሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

አንድ ነገር ግን እውነቱን ልናገር። ደስ ብሎኝ ነበር። እንደ ሰው ሁሉ ጾምኩ። ሠርክ ሠርክ ከአደይ ጋር ቤተ ክርስቲያን ስቆም ሰውነቴ ቀሎኝ ነበር፤ መክሳቴን የጽድቅ ምልክት አድርጌ ቆጠርኩት። በጾም ሁሉም ሰው ስለሚከሳ አደይም አልጠረጠረችም። የሐኪም ቀጠሮዬን «ከፋሲካ በኋላ ወዳለው ሳምንት ተዛውሯል» ብዬ ዋሸሁ። የፋሲካ ለት ከአደይ ጎን ቆሜ ቆረብኩ። ዐይኗ እንባ ሞልቶ እያየችኝ፣ በነጠላዋ ይዛ የምትሰጠኝ ነገር ውስጤ እንደሌለ፣ ሁሉም እንደወጣ ልነግራት ፈልጌ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ በአራተኛው ቀን ብስክሌቴን ይዤ ወጣሁ። ዳገቱ ላይ አልደረስኩም። ሜዳው ላይ፣ ካፌዎቹ ፊት ለፊት ሳል ያዘኝና ወረድኩ፤ የተፋሁት ደም ነበር። አንድ የባጃጅ ሹፌር «ኣጆኺ ሓብተይ»፣ አይዞሽ እህቴ፣ እያለ አንስቶ ሆስፒታል አደረሰኝ። ገንዘብ ሳይጠይቅ፣ ብስክሌቴንም ጭኖልኝ።

ሠላሳ አምስት ኪሎ። በስምንት ሳምንት ውስጥ የዘጠኝ ወሩ ሥራ እንዳልነበር ሆነ። በተራበው ሳንባዬ ውስጥ ኢንፌክሽን ገብቶ ተንሰራፍቷል። አምስት ሳምንት ተኛሁ። ዶክተሩ «እንክብሉን በትክክል ትወስድ ነበር?» ሲል አደይና አባዬ እኩል «አዎ» አሉ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

ቆርቆሮውን ያገኘችው አደይ ናት፤ ልብስ ልታመጣልኝ ቤት ሄዳ አልጋዬን ስታነሳ። ይዛው መጣችና አልጋው ላይ፣ እግሬ ሥር አስቀመጠችው። ከሁለት መቶ በላይ እንክብል ነበር።

«ለምን ጓለይ?»

ላዝንላት ይገባ ነበር። አላዘንኩላትም፤ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ለሌላ ሰው የሚተርፍ ርኅራኄ የለውም።

«አንቺ በነጠላሽ ስለያዝሽው» አልኳት።

አደይ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አጠገባችን የተኛችው በሽተኛ አስታማሚ መጥታ ልታነሳት ሞከረች፣ እንቢ አለች።

በማግስቱ የንስሐ አባታችንን ይዛቸው መጣች። ሽማግሌ ናቸው፤ ደረጃውን ወጥተው እስኪረጋጉ ጠበቅናቸው። አደይ እንደ ወንጀለኛ ቆማ ሁሉንም ነገረቻቸው። አባ ቆርቆሮውን ተቀበሉ፣ አንዱን እንክብል በባዶ እጃቸው አውጥተው ወደ መስኮቱ ይዘው አዩት።

«ይቺ ናት?»

«አዎ አባ።»

«ለመድኃኒት የተሰጠ ነገር አያረክስም። ልጅቱ ለመዳን ትውሰድ፣ ጾሙም ግድ አይሆንባትም።» ከዚያ ወደ እናቴ ዞሩ። «ለምን ያኔ አልመጣሽም?»

ይኸው ነው። መልሱ ከዚህ አይረዝምም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አደይ እንክብሉን በጣቷ ይዛ ምላሴ ላይ ታስቀምጣለች፤ አንዳንዴም እስክውጥ ጉሮሮዬን በእጇ ትዳብሳለች። እበላለሁ። ለመብላት ትንፋሽ ያስፈልጋል፤ ሰው ይህን የሚያውቀው ሲያጥረው ነው። ሁለት ጉርሻ በልቼ ዐርፋለሁ። ዶክተሩ የጠፋው የሳንባዬ ክፍል ጠባሳ ሆኗል፣ አይመለስም ብሎኛል። እንቅስቃሴዬ አሁን ከአልጋዬ እስከ ግቢው በር ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ስምንት ጊዜ ተኝቻለሁ። መብራት ሲጠፋ አልጋዬ አጠገብ ያለው የኦክስጅን ማሽን ስለሚቆም አባዬ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ እንኳ «መብራት አለ?» ብሎ በየሰዓቱ ይደውላል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ በመካከላችን ተነጋግረን አናውቅም። እኔ ግን ለራሴ ወስኛለሁ፤ የኔ ነው። እሷ ያስቀየመችኝ በነጠላ ነው፣ አፌን የዘጋሁት ራሴ ነኝ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው እንዲህ ያለ ልጅ ያለው ሰው እንዲጠይቅ ነው። ሐኪሙን ስለ ጨው ይጠይቅ። ቅባት አይስማማውም ሲባል «ለምን?» ይበል። ቄሱንም፣ ሼኹንም ይጠይቅ፤ መልሱን ቢፈራውም ይጠይቅ። ልጁን ያብላ፣ ያስሩጥ፣ ሹራብ ጠባቂ አያድርገው። ይህን ሁሉ አድርጎም የሚሞት ልጅ ይኖራል፤ እኔ ዋስ አልሆንም። ግን ዘጠኝ ወር እንደዚያ መኖር ይቻላል፤ እኔ ኖሬዋለሁ።

የሚቀጥለውን አደይ ባታነበው ይሻላል፤ አባዬ ግን ቢያነበው አዲስ አይሆንበትም።

ፍልሰታ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ቀጠሮ ነበረኝ። አደይ በካፖርት ጠቅልላ በባጃጅ ወሰደችኝ። ነርሷ ስማችንን ጠርታ፣ በሚዛኑ አጠገብ አሳልፋ በቀጥታ ወደ ዶክተሩ አስገባችን። «ሚዛን ላይ አልወጣም?» አልኳት። «ዛሬ ይቅር» አለችኝ።

ዶክተሩ ጀርባዬን አዳመጠ። ብዙ አልቆየም። ስለ እንቁላል አልጠየቀኝም፤ ስለ ለውዝ፣ ስለ ቅቤ አልጠየቀኝም። ይህ ሰው በአንድ እንቁላል የተነሳ ከኔ ጋር ግማሽ ሰዓት የተጨቃጨቀ ሰው ነው። ወንበሩን ሳበና ተቀመጠ።

«ከእንግዲህ ደስ ያለሽን ብዪ ራህዋ።»

«ደስ ያለኝን?»

«ደስ ያለሽን። ካላሰኘሽም ራስሽን አታስገድጂ።»

አደይ ወደፊት ጠጋ አለች። «ዶክተር፣ ፍልሰታ ሊገባ ነው። ከኛ ጋር መጾም ብትፈልግስ?»

ዶክተሩ የሚያየው እሷን አልነበረም፣ እኔን ነበር። «ከፈለገች ትጹም» አለ። «አሁን የሚጎዳት አይደለም።»

ገባኝ። ሰው ተስፋ ባለው ነገር ላይ ነው የሚጨቃጨቀው። ኪሎዬ ከዚህ በኋላ የሚያስፈልገው ሰው የለም፤ ዶክተሩም በደግነት ነበር የነገረኝ። አደይን ቀና ብዬ ሳያት ፊቷ በርቷል። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲያ ሲበራ አይቼው አላውቅም። የዶክተሩን እጅ ይዛ ልትስም ጎንበስ አለች፣ እሱ እጁን ሸሽቶ ወረቀት መፈለግ ጀመረ።

ባጃጁ ውስጥ እንደገባን ዓዲግራት ላለችው ታላቅ እህቷ ደወለች። በትግርኛ እየጮኸች፣ ሚዛን ቀረ፣ ከልካይ ቀረ፣ ጹሚ አሏት አለቻት። «ሓውያ!» አለች፤ ድናለች ማለቷ ነው። አክስቴ ከዚያ ማዶ እልልታዋን ስታቀልጠው ሹፌሩ እንኳ በመስታወቱ አይቶን ፈገግ አለ። አደይ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ።

«ራስሽ ንገሪያት ጓለይ፤ እኔን አላመነችኝም።»

ትንፋሼን ሰበሰብኩ።

«አዎ፣ ድኛለሁ» አልኳት።